የጨዋታ ደመወዝ

ቅርጫት ኳስ ከተፈጠረ ገና አምስት ዓመት ሳይሞላው ለገንዘብ መጫወት ተጀመረ። ጄምስ ኔይስሚዝ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ሁለት የኮክ ቅርጫት ሰገነት ላይ በምስማር መትቶ አሥራ ስምንት ተማሪዎችን ለሁለት ከፍሎ ያጫወተው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 ነው። ኳሱ ቅርጫቱ ውስጥ በገባ ቁጥር አንድ የግቢው ሠራተኛ መሰላል አቁሞ ያወጣው ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1896 ደግሞ በኒው ጀርሲ ግዛት የትሬንተን ከተማ ቡድን አዳራሽ ተከራይቶ፣ በር ላይ መግቢያ አስከፍሎ ተጫወተ። ከወጪ የተረፈውን ተጫዋቾቹ ተካፈሉት። ለእያንዳንዳቸው 15 ዶላር እንደ ደረሳቸው፣ ለአምበሉ ለፍሬድ ኩፐር ግን አንድ ዶላር እንደ ተጨመረለት ይነገራል። የቅርጫት ኳስ የመጀመሪያው የደረጃ ዕድገት ያቺ አንድ ዶላር መሆኗ ነው። ጨዋታው የተወለደበት የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ አዲስ አበባ አራት ኪሎ ላይ ወወክማ እየተባለ የሚታወቀው፣ ለወጣቱ ምግባርና ጤንነት ብሎ ያወጣው ነገር ገበያ መውጣቱን አልወደደውም።

አለመውደዱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የቀን ሠራተኛ ጉልበቱን ይሸጣል፤ ሸማኔ ጋቢውን ይሸጣል። ተጫዋች የሚሸጠው ምኑን ነው? ጨዋታ ማለት ሰው ሳይገደድ፣ ለራሱ ደስ ብሎት የሚያደርገው ነገር ከሆነ፣ ዋጋ የተቆረጠለት ዕለት ጨዋታነቱ ይቀራል። ጨዋታነቱ ከቀረ ደግሞ ተመልካቹ ከፍሎ የገባበት ነገር የለም ማለት ነው። ይህን እንቆቅልሽ ከሁሉ በፊት በገዛ ሰውነታቸው የኖሩት የመጀመሪያዎቹ ተከፋይ ተጫዋቾች ናቸው።

አማርኛም እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ያመነታል። ለተከፋይ ስፖርተኛ «ባለሙያ» የሚል ጥሩ ቃል እያለው የስፖርት ጋዜጠኛው «ፕሮፌሽናል» ማለትን ይመርጣል። ባለሙያ ሲባል ወጥ ያሳመረች ሴት፣ ሞተር ያስነሣ መካኒክ፣ ግድግዳ ያቆመ ግንበኛ ይታሰባል፤ ኳስ ያገባ ጎረምሳ አይታሰብም። «ተጫዋች» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለት ሰው ይይዛል፦ ሜዳ ላይ የሚሮጠውንና ቤት ተቀምጦ በወሬው ሰው የሚያስቀውን። በሐረርጌ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ «ጨዋታው ደርቷል» ሲባል የተንቀሳቀሰ እግር የለም፤ የሚሠራው አፍ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ጎን «ጨዋ» የሚል ቃል አለ፤ የደኅና ሰው ልጅ፣ የተቀጣ፣ የታረመ ማለት ነው። ጨዋና ጨዋታ በሥር ይዛመዱ አይዛመዱ ለቋንቋ ሊቃውንት የሚተው ነው። በድምፅ መገናኘታቸው ግን ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ስለ ተከፋይ ተጫዋች የተነሣው ክርክር በሙሉ ለጨዋታ የሚበቃው ጨዋ ማን ነው የሚል ነበር።

ከቀደምቶቹ ተከፋዮች መካከል የሥራ ዘመኑ ይህን ጥያቄ ከማንም ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው ሃሪ ሉው ነው፤ በቅጽል ስሙ ባኪ። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1884 በማሳቹሴትስ፣ በሎዌል ከተማ አካባቢ ነው። ሎዌል በጥጥ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ናት። ቤተሰቡ ነፃ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ባርዚላይ ሉው አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ በወጣችበት ጦርነት በዋሽንት ነፊነት ዘምቷል። ሃሪ ራሱ ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ቅርጫት ኳስ የለመደው በከተማው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ሲሆን፣ በ18 ዓመቱ ፓታኬትቪል የሚባለው የሎዌል ክለብ በጨዋታ 5 ዶላር ሊከፍለው ቀጠረው። ክለቡ የሚወዳደረው በኒው ኢንግላንድ ሊግ ነበር። ከዚያ በፊት በቅርጫት ኳስ ሊግ ደመወዝ የተቆረጠለት ጥቁር ሰው አይታወቅም። በዓለም የታወቀው የአሜሪካ ሊግ፣ ኤንቢኤ፣ ጥቁር ተጫዋቾችን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ ከሉው 48 ዓመት ዘግይቶ።

የመጀመሪያ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 7 ቀን 1902 ከማርልቦሮ ቡድን ጋር ተደረገ። የሆነውን ነገር ሉው ከብዙ ዓመታት በኋላ ለአንድ ጋዜጠኛ ነግሮታል። ክለቡ የቀጠረው የአካባቢው ጋዜጦች ከወተወቱና ተጫዋቾች ከተጎዱበት በኋላ ነበር፤ የቡድኑ መሪ ሐሳብ 5 ዶላሩን እየከፈለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሊያስቀምጠው ነው። በጨዋታው መካከል ከሎዌል ተጫዋቾች አንዱ ተጎድቶ ወጣ። ተቀያሪው ሉው ብቻ ነበር። የቡድኑ መሪ እሱን ከማስገባት አምስት ለአራት መጫወትን መረጠ። ተመልካቹ ግን አልቻለም፤ «አስገባው» እያለ ጮኸ፣ አዳራሹ ሊበጠበጥ ደረሰ። ሉው ገባ። ኳስ በያዘ ቁጥር ክርኑም ጉልበቱም ወረደበት። እሱም ዝም አላለም፤ የተቀበለውን መለሰ። ኋላ ከነዚያው ክርን ሰንዛሪዎች አንዳንዶቹ የቅርብ ወዳጆቹ ሆኑ።

ይህች ምሽት ከላይ ለተነሣው እንቆቅልሽ ከብዙ መጽሐፍ የተሻለ መልስ ትሰጣለች። 5 ዶላሩ ምን ገዛ? ጨዋታ አልገዛም፤ ከፋዩ ጨዋታውን ጭራሽ አልፈለገውም። የተገዛው የሉው ስም በመዝገብ ላይ መኖሩ፣ የጋዜጦቹ ዝምታ፣ አግዳሚው ላይ የሚቀመጥ አካል ነው። ደመወዙ ሉው ቢጫወትም ባይጫወትም ያው ነበር። ጨዋታው የመጣው ከደመወዙ ውጭ፣ አራት ሰው ለአምስት ሲንገላታ ማየት ካስመረረው ሕዝብ ጩኸትና ከሉው ከራሱ እልህ ነው። ስለዚህ «ገንዘብ ጨዋታን ያረክሳል» የሚለው ፍርድ ከመነሻው ዒላማውን የሳተ ይመስላል። ገንዘብ ሰውየውን አዳራሽ ድረስ ያመጣዋል፤ መስመሩን ተሻግሮ የሚሆነውን ነገር ግን በደመወዝ መዝገብ ላይ የሚጽፈው የለም።

የዚያን ዘመን ጨዋታ ዛሬ ለሚያየው ሌላ ስፖርት ይመስለዋል። ሉው እንዳወራው ከቅርጫቱ ጀርባ ሰሌዳ አልነበረም፤ ኳሱ ጥርት ብሎ ካልገባ ነጥሮ የሚመለስበት ነገር የለም። ሜዳው በአጥር ተከቦ፣ ከጣሪያ መረብ ተንጠልጥሎበት ስለነበር ኳስ ከመስመር አይወጣም፤ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ጊዜም አልነበረም። ሉው ራሱ ከሩቅ መወርወር ቢወድም ዋና ሥራው የተቃራኒውን ምርጥ አግቢ ተከትሎ መያዝ ነበር። ይህ ምስጋና የሌለው ሥራ ነው፤ ውጤቱ የሚታየው ባልገባ ኳስ ነውና። ሊጉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ። እሱ ግን የራሱን ቡድን አቋቁሞ ከከተማ ከተማ እየዞረ እስከ እ.ኤ.አ. 1926 ድረስ ተጫወተ።

በዚያ ጊዜ ለገንዘብ መጫወትን የሚቃወመው ሕግ የመጣው ከእንግሊዝ ባለርስቶች ነው። የሄንሊ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ1879 «አማተር» የሚለውን ቃል ሲተረጉሙ ለገንዘብ የተወዳደረን ብቻ ሳይሆን መካኒክን፣ የእጅ ሠራተኛንና ለፍቶ አዳሪን በሙሉ ከውድድሩ አወጡ። ሰውየው ቀዝፎ አንዲት ሳንቲም ባይቀበልም ኑሮው የደመወዝ ከሆነ ጨዋ አይደለምና ከጨዋ ጋር አይቀዝፍም። ሕጉ ሲለሰልስ ይህ ክፍል ተፋቀ፤ መንፈሱ ግን በኦሊምፒክ ውስጥ ረጅም ዕድሜ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1912 ስቶክሆልም ላይ ሁለት ወርቅ ያገኘው የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ ጂም ቶርፕ፣ ቀደም ሲል ቤዝቦል ተጫውቶ ጥቂት ገንዘብ መቀበሉ ስለታወቀ በማግሥቱ ዓመት ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። በነፃ መጫወት የሚችለው ሌላ የሚያበላው ያለው ሰው ነው። ይህን ማንም አፍ አውጥቶ ሳይናገረው ሕግ ሆኖ ቆየ።

ኢትዮጵያ ለዚህ ክርክር እንግዳ አልነበረችም፤ ክርክሩን የምታውቀው ግን በአዝማሪ በኩል ነው። መሰንቆውን አንግቶ ከግብዣ ግብዣ የሚዞረው ሰው በጨዋታ እንጀራ የሚበላ የመጀመሪያው ባለሙያ ነበር። ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል፤ ልጁን ለማግባት ግን የሚሽቀዳደም አልነበረም። በሌላ በኩል የገና ጨዋታ አለ። እዚያ ገንዘብ የለም፤ ለአንድ ቀን ጌታው በአሽከሩ ዱላ ቢመታ አይቆጣም። በነጋታው ግን ጌታው ጌታ፣ አሽከሩም አሽከር ናቸው። ዘመናዊው ስፖርት ሲመጣ ሁለቱን የሚያስታርቅ አገርኛ ዘዴ ተገኘ፤ ሰውየውን በሌላ ስም መቅጠር። አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ ደመወዙ የክብር ዘበኛ ወታደር ደመወዝ ነበር። የእግር ኳስ ቡድኖችም የጦር ሠራዊት፣ የቴሌ፣ የፋብሪካ ሆኑ። ተጫዋቹ በመዝገብ ሠራተኛ ነበር፤ የሚታወቀው ግን በሜዳ ነበር።

ለጭሮና ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች በቅርብ የሚገኘው የዚህ ዓይነት ሰው ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። ሜዳው እግር ኳስ ቢሆንም ሕይወቱ ከሉው ሕይወት ጋር በሚያስገርም ሁኔታ ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ1935 አሥመራ ላይ ከጣሊያናዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ፤ አባቱ ጥሎ ሄደ፣ ልጁ በክልስነቱ እየተሰደበ አደገ። በወጣትነቱ በምድር ባቡር መካኒክ ሆነ፤ የሄንሊ ሰዎች ሊያስገቡት ከማይፈልጉት ወገን ማለት ነው። ኋላ ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ለ«ኮተን»፣ ተጫወተ። አንዱ በሎዌል፣ ሌላው በድሬዳዋ፤ ሁለቱም ጥጥ በሚፈተልበት ከተማ። ኮተን እ.ኤ.አ. በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ከአዲስ አበባና ከአሥመራ ክለቦች ዋንጫ ነጥቆ ወደ ሐረርጌ ቆላ መውሰድ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛው ቀን። በአዲስ አበባ ስታዲየም ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ከተባበረው ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ከዛሬዋ ግብፅ ጋር ገጠመች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቻኖ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። በ84ኛው ደቂቃ ሉቻኖ ሁለት ለሁለት አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ ቀጥሎም መንግሥቱ ወርቁ አገቡና አራት ለሁለት አለቀ። ሉቻኖ በኋላ እንደ ተረከው፣ ክልስ ሰው አምበል ሆኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ መቀበሉ ያልተዋጠላቸው ባለሥልጣናት ነበሩ፤ የጸናለት ይድነቃቸው ነው። ሎዌል ላይ ተጫዋቹን አግዳሚ ላይ ያስቀመጠው የቡድኑ መሪ ነበር፣ ያስገባው ሕዝቡ። አዲስ አበባ ላይ ከልካዮቹ ከላይ ሆኑ፣ ያሰለፈው አሠልጣኙ። የተጫዋቹ ሥራ ዘመን በሁለቱም ቦታ የተንጠለጠለው በሌላ ሰው ውሳኔ ላይ ነው።

ሉቻኖ በብሔራዊ ቡድን እስከ እ.ኤ.አ. 1970ው የአፍሪካ ዋንጫ ድረስ ተጫውቶ፣ አሠልጣኝ ሆኖ፣ በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ ጣሊያን ገባ። እዚያው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 አረፈ። የሕይወት ታሪኩን በጣሊያንኛ ሲያሳትም የሰጠው ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» የሚል ነው። ዋንጫ ከአጼ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለ አምበል ለመላ ሕይወቱ ስም ያወጣው በዋንጫው አይደለም፤ ደመወዙን ለእናቱ በማስረከቡ ነው። አማተርነትን የሚሰብክ ሁሉ ይህን ርእስ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ቢያነበው ደግ ነበር።

በሉቻኖ ዘመን ድሬዳዋም አሰበ ተፈሪም (የዛሬዋ ጭሮ) በአንድ ጠቅላይ ግዛት፣ በሐረርጌ ሥር ነበሩ። ሉው አዳራሽ በገባበት እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ላይ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ኋላም በሚኤሶ በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። አሰበ ተፈሪ ከሐዲዱ በላይ በደጋው ጥግ ቀረች። ከተማዋን የጨርጨር አውራጃ መቀመጫ አድርገው ያቋቋሟት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኚህ ሰው የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔት የጻፉ በመሆናቸው ጨዋታን እንደ ቁም ነገር ካዩት ቀደምቶች አንዱ ነበሩ። የከተማዋ ስም ራሱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተፈሪ አሰበ ማለት ነው። ሕዝቡ ግን ጭሮ ይላታል።

በዚህ አገር የሥራ ዘመን አጭር ስለ መሆኑ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። የጭሮ፣ የገለምሶ፣ የበዴሳና የሂርና ሰው ሸቀጡ ጫት ነው። ጫት ከተቀጠፈ በሁለት፣ ግፋ ቢል በሦስት ቀን ይጠወልግና ዋጋ ያጣል። ስለዚህ በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ውኃ ይረጭበታል፣ አይሱዙው ሌሊቱን ይበራል። የተጫዋች ጉልበትም እንዲሁ በየቀኑ የሚጠወልግ ሸቀጥ ነው። ልዩነቱ የጫት ነጋዴ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ማሳ ይለቅማል፤ ተጫዋች ግን ያለው ማሳ አንድ ነው። ቀደምቶቹ ተከፋዮች ሌላ ሙያ በእጃቸው የያዙት ስለዚህ ነው። ሉቻኖ መካኒክነቱ ነበረው። ሉው ኳሱን ከተወ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1928 ቅርጫት ኳስ ወደ ተወለደባት ወደ ስፕሪንግፊልድ ሄዶ የልብስ ንጽሕና መስጫ ከፈተ። የከተማው ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1958 እስኪያነጋግረው ድረስ ልብስ ሊያሳጥብ ከሚመጣው ደንበኛ ስንቱ ማንነቱን እንዳወቀ እንጃ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሞተ። የ1902ቱ ምሽት ፊልም የለውም፤ የቀረው ሽማግሌው ለጋዜጠኛው ያወራው ነው፤ በሁለተኛው ትርጉም ጨዋታ።

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚቆም ቅርጫት ብዙውን ጊዜ የብየዳ ቤት ሥራ ነው። ፌሮ ብረት ክብ ተደርጎ ይታጠፍና ከብረት ዘንግ ጋር ይበየዳል። ሰሌዳው ጣውላ ነው፤ በሁለት ክረምት ዝናብ ያብጥና ከመካከል ይሰነጠቃል። መረብ የለውም። መረብ በሌለው ቀለበት ኳስ ጥርት ብሎ ሲያልፍ ድምፅ ስለማይሰጥ ከጎን ያየ ሰው «ገባ» ይላል፣ ከፊት ያየው «በጎን ነው ያለፈው» ይላል፤ ጨዋታው ቆሞ ክርክሩ ይቀጥላል። በሉው ዘመን ሰሌዳ አልነበረም፣ እዚህ መረብ የለም።

ቡድን ሲመረጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰለፈው ጎበዙ አይደለም፤ ባለ ኳሱ ነው። ባለ ኳሱ ቢችልም ባይችልም ይጫወታል፤ ሲሸነፍ ሕጉን ይለውጣል፤ ያልወደደውን ልጅ «አንተ ቆይ፣ ተቀይረህ ትገባለህ» ብሎ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ከሁሉም የሚበልጥ መሆኑን ሜዳው በሙሉ ያውቃል። ከታዳሚው አንዱ «አስገቡት እንጂ!» ሲል ሌሎቹም ያግዙታል። አንዳንዴ ይገባል። አንዳንዴ ደግሞ ባለ ኳሱ ያኮርፋል፤ ወይም ገበያ የሚልኩት እናቱ ከአጥሩ ማዶ ይጠሩታል፤ ኳሱን በብብቱ ሸጉጦ በሩጫ ይሄዳል።